መምህራን ቴክኖሎጂን ክፍል ውስጥ እንዲሠሩበት እንዴት እናሠልጥናቸው? ለጅማና አካባቢዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የቀረበ ዝርዝር መመሪያ

ስለ ዲጂታል ቴክኖሎጂ ሥልጠና ሲነሳ አብዛኞቻችን የምናውቀው አንድ ዓይነት ነገር ነው። መምህራን አዳራሽ ይሰበሰባሉ። አሠልጣኙ ስላይድ ይከፍታል። ስለ ፓወርፖይንት፣ ስለ ኢሜይል፣ ስለ ኢንተርኔት ጥቅም ይነገራል። ሻይ ቡና ይባላል፣ ፊርማ ይፈረማል። ሰኞ ጠዋት መምህሩ እንደ ድሮው ቾኩን ይዞ ክፍል ይገባል።

እዚህ የማቀርበው ሌላ መንገድ ነው። የታሰበው ለርዕሰ መምህራን፣ ለትምህርት ክፍል ተጠሪዎች፣ ለአይሲቲ መምህራንና ለሱፐርቫይዘሮች ነው። አንድ ሴሚስተር ይፈጃል። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ትዕግሥት ግን በደንብ ይጠይቃል።

መጀመሪያ ፕላዝማን እናስታውስ

ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ የምንላቸው ትልልቅ ስክሪኖች ተሰቀሉ። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል። መምህሩ መግቢያ ይናገራል፣ ቴሌቪዥኑ ያስተምራል፣ መጨረሻ ላይ መምህሩ ያጠቃልላል። ስክሪኑ ተማሪው ይግባው አይግባው አይጠብቅም። መምህሩ ሊያቆመው አይችልም፣ ወደ ኋላም ሊመልሰው አይችልም። መብራት ከጠፋ የዚያ ቀን ትምህርት አለቀ።

ፕላዝማው ጥሩ ጥሩ ምስሎች ነበሩት። የጎደለው ማቆሚያው በመምህሩ እጅ አለመሆኑ ነበር። ስለዚህ ሥልጠናው ሠርቷል የምንለው አንድ ነገር ስናይ ነው፦ መምህሩ ስክሪኑን አቁሞ ተማሪውን ሲጠይቅ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እዚያ ለመድረስ ነው።

1. ያለውን ዕቃ እዩ

ደብተር ይዛችሁ ክፍሎቹን ዙሩ። ሶኬት አለ? ይሠራል? ገመዱ እስከ መምህሩ ጠረጴዛ ይደርሳል ወይስ ኤክስቴንሽን ይፈልጋል? ፀሐይ በየት በኩል ይገባል? መጋረጃ ከሌለ ጠዋት ላይ ፕሮጀክተሩ የሚያሳየው ነገር ከኋላ ወንበር አይታይም። ግድግዳው ነጭ ነው ወይስ አንሶላ መስቀል ያስፈልጋል?

ጅማ ላይ ዝናቡንም ማሰብ ግድ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነና ኮርኒስ ከሌለው፣ ዝናብ ሲጥል የቪዲዮ ድምፅ አይሰማም። የመምህሩም ድምፅ አይሰማም። ስለዚህ ትምህርቱን ድምፅ ላይ አትመሥርቱት። ያለ ድምፅ የሚያስተምር ምስል፣ እንቅስቃሴና ሲሙሌሽን (በኮምፒውተር የሚሠራ አስመሳይ ሙከራ) ይሻላል።

መጋዘኑንም አስከፍቱ። "ተበላሽቷል" ተብሎ የተቀመጠው ፕሮጀክተር አንዳንዴ የጎደለው ገመድ ብቻ ነው። የድሮው ፕላዝማ ከበራና ጀርባው ላይ የቪጂኤ ቀዳዳ ካለው፣ ከላፕቶፕ ጋር ሊሠራ ስለሚችል ሞክሩት። አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሮጀክተር ከተገኘ ለመጀመር ይበቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነሳ ነገር አለ፤ የንብረት ፍርሃት። በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ማድረጊያ ቅጽ) ፈርሞ ላፕቶፕ የወሰደ መምህር ቢበላሽ ከደመወዜ ይቆረጣል ብሎ ይሰጋል። ስለዚህ ቆልፎ ያስቀምጠዋል። በእኔ እምነት ይህ ፍርሃት ከኢንተርኔት እጦት በላይ ቴክኖሎጂውን ከክፍል ያርቀዋል። ሥልጠናው ሳይጀመር ርዕሰ መምህሩ፣ ንብረት ክፍሉና መምህራኑ ቁጭ ብለው ይነጋገሩ። ክፍል ውስጥ በሥራ ላይ እያለ የተበላሸ ዕቃ እንዴት እንደሚታይ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። የመጋዘኑ ቁልፍ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ብቻ አይሁን። ያ ሰው የቀረ ቀን ሁሉም ነገር ይቆማል።

2. ከየትምህርት ክፍሉ ሁለት መምህር ምረጡ

ሁሉንም መምህር በአንዴ አትጥሩ። ከሒሳብ ሁለት፣ ከፊዚክስ ሁለት፣ ከባዮሎጂ ሁለት፣ እንዲህ እያላችሁ ከ12 እስከ 16 ሰው ያዙ። ብቻውን የሠለጠነ ሰው በመጀመሪያው እንቅፋት ይተወዋል። ሁለት ሲሆኑ አንዱ ሲያስተምር ሌላው ያያል፣ ያግዛል።

ከሁለቱ አንዱ ነባር መምህር ቢሆን ጥሩ ነው። ወጣቱ ስልኩን ያውቃል። ነባሩ ደግሞ ተማሪው የት ላይ እንደሚሰናከል ያውቃል። ይኸኛውን እውቀት ከዩቲዩብ አታገኙትም።

ለተመረጡት አንድ የቤት ሥራ ስጡ። "በየዓመቱ እያስተማራችሁት ተማሪው የማይገባው ርዕስ የትኛው ነው?" በሏቸው። መልሱን ጽፈው ይምጡ። ሥልጠናው የሚጀምረው ከዚያ ወረቀት ነው። አዲስ ሶፍትዌር ማሳየት ቀላል ነው። ለመምህሩ ግን ትርጉም የሚኖረው የራሱን ችግር ሲነካለት ነው።

3. ሰዓቱን ከአካባቢው ኑሮ ጋር አስማሙ

በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ፣ በተለምዶ ሲፒዲ በምንለው፣ አንድ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ይጠበቅበታል። ይህ ሥልጠና ተጨማሪ ሸክም ሳይሆን የዚያ አካል ሆኖ ይመዝገብ። በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለ10 ሳምንት። የሦስት ቀን አውደ ጥናት አትምረጡ። በሳምንታዊው አሠራር መምህሩ የተማረውን ክፍል ገብቶ ሞክሮት ጥያቄ ይዞ ይመለሳል።

አርብ እኩለ ቀን የጁምዓ ሶላት አለ፣ አትንኩት። ረመዳን ከሆነ ከሰዓት በኋላ አታድርጉት፣ ጠዋት ይሻላል። አጋሮ፣ ጎማ፣ ማናና ሊሙ አካባቢ ከሆናችሁ የቡና ለቀማ ሰሞን ተማሪ ይቀራል፣ መምህሩም የቤተሰብ ሥራ ይኖርበታል። በፈረቃ የምታስተምሩ ከሆነ ሁለቱን ፈረቃ የሚያገናኘው የቀትር ሰዓት ብቻ ስለሆነ አጠር አድርጋችሁ በሳምንት ሁለቴ አድርጉት።

4. የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት፦ እጅን ማላመድ

"ኮምፒውተር ትችላለህ?" ብላችሁ በመጠይቅ አትለኩ። ሰው ያፍራል፣ ወይም ያጋንናል። በምትኩ ትንሽ ሥራ ስጡ፦ ፋይል ከፍላሽ ወደ ላፕቶፕ መገልበጥ፣ የመማሪያ መጽሐፉን ፒዲኤፍ ከፍቶ አንድ ገጽ ማግኘት፣ ላፕቶፑን ከፕሮጀክተር ጋር አገናኝቶ ምስሉን ማምጣት። ማን የት እንዳለ በ20 ደቂቃ ይታያል።

ፕሮጀክተር ማገናኘትን ሁሉም ሰው በእጁ ይሥራው፣ ደጋግሞም ይሥራው። ምስሉ አልመጣ ሲል የዊንዶውስ ቁልፉን ይዞ "ፒ"ን መጫን፣ ከሚመጣው ዝርዝር "ዱፕሊኬት" የሚለውን መምረጥ። ሲጨርሱ ፕሮጀክተሩን ከሶኬት ቶሎ አለመንቀል፤ መጀመሪያ በቁልፉ ማጥፋት፣ ማራገቢያው እስኪቆም መጠበቅ። ይህን ሳይለምድ ክፍል የገባ መምህር የክፍለ ጊዜው ሩብ በገመድ ያልቅበታል። ተማሪ ፊት ላብ ያጠመቀው ሰው ደግሞ ሁለተኛ ፕሮጀክተር አይነካም።

ለአጋዦች አንድ ጥብቅ ሕግ አውጡ፦ የሌላውን ሰው ማውዝ አትንኩ። ወጣቱ ትዕግሥት አጥቶ "ቆይ ጋሼ፣ እኔ ላድርገው" ሲል ነባሩ መምህር ምንም አይማርም። በቃል ይንገረው። "ከላይ በስተግራ ያለውን ይጫኑ" ይበለው። ይዘገያል፣ ግን ይለምዳል።

5. የትምህርት ዕቅዱ፦ ዋናው ሥራ

ከ10ሩ ሳምንት አራቱን እዚህ ላይ አውሉት። መምህሩ ያመጣውን ከባድ ርዕስ ያዙና ሦስት ጥያቄ ጠይቁት። ተማሪው በትክክል የት ላይ ነው የሚሳሳተው? ያንን ስህተት በዓይኑ እንዲያየው ምን ማሳየት እንችላለን? ከማሳየታችን በፊት ተማሪው ምን ይገምት?

ሦስተኛውን አትዝለሉት። ተማሪ ሳይገምት ያየው ነገር ሲኒማ ነው። ገምቶ ያየው ነገር ግን ይከነክነዋል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ ይገምቱ፣ ደብተራቸው ላይ ይሳሉት ወይም ይጻፉት፣ ከጎናቸው ካለው ይከራከሩ፣ ከዚያ ይዩ፣ ስክሪኑ ይቁም፣ ለምን እንደሆነ ያስረዱ።

ከሒሳብ እንጀምር። ጂኦጂብራ በነፃ የሚገኝ፣ ስልክም ላፕቶፕም ላይ የሚጫን፣ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ መተግበሪያ ነው። መምህሩ የኳድራቲክ ፈንክሽን ቀመሩን በኤ፣ በቢ እና በሲ ይጽፋል። መተግበሪያው ለእያንዳንዱ ፊደል በጣት የሚጎተት ነጥብ ያወጣል። "ኤ ከዜሮ በታች ቢሆን ግራፉ ምን ይሆናል? ሳሉት" ይበል። ከዚያ ይጎትተው። ሲን መለወጥ ግራፉን ወደ ላይና ወደ ታች ይወስደዋል፣ ይህ ይቀላቸዋል። ቢ ላይ ግን ቆም ይበል። ብዙ ተማሪ ግራፉ ወደ ጎን ብቻ ይሄዳል ብሎ ይገምታል። ነጥቡ ሲጎተት የግራፉ ጫፍ ራሱ ሌላ ፓራቦላ እየሠራ ይሄዳል። ለምን? ይህን በቾክ ብቻ ማሳየት ከባድ ነው። ስክሪኑ ይቁም፣ ቾኩ ይነሳ፣ የጫፉ ቀመር ሰሌዳ ላይ ይሠራ። እዚህ ቴክኖሎጂው ጥያቄውን ፈጠረ፣ ሰሌዳው መለሰው።

ለፊዚክስ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጃቸው ፌት የተባሉ ሲሙሌሽኖች አሉ። ብዙዎቹ አንዴ ከወረዱ በኋላ በብራውዘር ያለ ኢንተርኔት ይከፈታሉ። የኤሌክትሪክ ሰርኪዩቱን ውሰዱ። ሁለት አምፖል በተከታታይ፣ ከዚያ ሁለት አምፖል ጎን ለጎን (በትይዩ)። "የትኛው ይበልጥ ይደምቃል? አንዱ ቢነቀል ሌላው ምን ይሆናል?" ተማሪው መጀመሪያ ይወራረድ።

ለባዮሎጂ ደግሞ በጣም የምወደው አሠራር ምንም ሶፍትዌር አይፈልግም። አንድ ማይክሮስኮፕ ለ60 ተማሪ ሲሆን ሁሉም ሳያይ ደወል ይደወላል። የቀይ ሽንኩርት ስስ ሽፋን ላይ አዮዲን ጠብ አድርጉ፣ ማይክሮስኮፑን አስተካክሉ፣ የስልክ ካሜራችሁን በማይክሮስኮፑ በዓይን የምናይበት መስታወት ላይ ደግፋችሁ ፎቶ አንሱ። ፎቶውን በፕሮጀክተር አሳዩ። ተማሪዎች የሚያዩት እዚሁ ላቦራቶሪያቸው ውስጥ የተነሳውን ሴል ነው፣ ከመጽሐፍ የተገለበጠ አይደለም። ኒውክለሱን ራሳቸው ያመልክቱ።

ለጂኦግራፊ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ያለውን የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ተጠቀሙበት። የጉግል ኧርዝ ታይምላፕስ ከ1984 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያሉ የሳተላይት ምስሎችን በዓመት በዓመቱ ያሳያል። ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ሆናችሁ ግድቡ ከመሠራቱ በፊትና በኋላ ያለውን ምስል አስቀምጡ። ተማሪው የሚያውቀው መሬት ላይ ውኃው ሲተኛ ያያል። "እርሻው የት ሄደ? ሰዎቹስ?" የሚለው ጥያቄ ሳይጠየቅም ይመጣል። ለታሪክ ደግሞ ጅሬን ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ቅርብ ነው። ተማሪዎች በቡድን ሄደው ፎቶ ያንሱ፣ አሠራሩን ይግለጹ፣ ክፍል ውስጥ ያቅርቡ።

በመጨረሻም እያንዳንዱ ዕቅድ ሁለት ዓምድ ይኑረው። አንዱ "መብራት ካለ"፣ ሌላው "መብራት ከጠፋ"። ሁለተኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ ዕቅዱ አልተጠናቀቀም። መብራት ሲጠፋ መምህሩ ያንኑ ጥያቄ በሰሌዳ ሥዕል ይቀጥላል። ጥያቄው ጥሩ ከሆነ ትምህርቱ አይሞትም።

ቋንቋም ይታሰብ። ይዘቱ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱም እንደዚያው። ውይይቱ ግን በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ሊሄድ ይችላል። ተማሪው በሚቀለው ቋንቋ ይከራከር፣ መልሱን በእንግሊዝኛ ይጻፍ።

6. መጀመሪያ ባልደረባ ፊት፣ ቀጥሎ ክፍል ውስጥ

ማይክሮ ቲቺንግን ፒጂዲቲ (የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ) የተማራችሁ ታውቁታላችሁ። እያንዳንዱ መምህር 10 ደቂቃ ባልደረቦቹ ፊት ያስተምር፣ እነሱም እንደ ተማሪ ይገምቱ፣ ይሳሳቱ። መሃል ላይ አንድ ሰው ሳያስጠነቅቅ ገመዱን ይንቀል። መምህሩ ወደ ሁለተኛው ዓምድ እንዴት እንደሚሻገር ይታይ። ይህ ልምምድ ከየትኛውም ገለጻ ይበልጣል።

አስተያየት ስትሰጡ "ስላይድህ ያምራል" አይባል። "መቼ አቆምከው? ያኔ ተማሪው ምን ሠራ?" ይባል።

ከዚያ እውነተኛው ክፍል። የጥንዱ ሌላኛው መምህር ከኋላ ይቀመጥና ሦስት ነገር ብቻ ይመዝግብ፦ ዕቃውን ለማዘጋጀት ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ ስክሪኑ ስንት ጊዜ ቆመ፣ ስንት ተማሪ ተናገረ ወይም ጻፈ። የክፍሉ ተማሪ ሁሉ ዝም ብሎ ስክሪን ካየ፣ ፕላዝማው ተመልሷል ማለት ነው። በሳምንቱ ስብሰባ ይህን አምጡና ተነጋገሩ። ሱፐርቫይዘር ለግምገማ የሚመጣ ከሆነ በዚህ ጊዜ አይግባ፤ መምህሩ በነፃነት ይሞክር።

7. ይዘቱን ያለ ኢንተርኔት አዘጋጁ

ክፍል ውስጥ በኢንተርኔት መተማመን አያዋጣም። የሚያስፈልገውን ቀድማችሁ አውርዱ። ኮሊብሪ የሚባል ነፃ መድረክ አለ፤ የካን አካዳሚ ቪዲዮዎችንና መልመጃዎችን ጨምሮ ብዙ ትምህርት ይይዛል። አንድ ላፕቶፕ ላይ ይጫናል፣ የተመረጠው ይዘት አንዴ ይወርዳል። ከዚያ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ወይም ትልቅ ፍላሽ ተልኮ ሌላ ላፕቶፕ ላይ ይጫናል። ሁለተኛው ትምህርት ቤት ዳታ አያወጣም ማለት ነው። ተራ ዋይፋይ ራውተር ካለ የላቦራቶሪው ኮምፒውተሮች ያለ ኢንተርኔት ከዚያ ላፕቶፕ ይከፍቱታል። ኪዊክስ ደግሞ ውክፔዲያን በሙሉ ወይም በከፊል እንደዚሁ አውርዶ ያስቀምጣል።

ማውረዱ ዳታ ይበላል። የሌሊት ጥቅል ይረክሳል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ለማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ትልቅ ቦታ የሚሰጥ ተቋም ነው። በርዕሰ መምህሩ ደብዳቤ ጠይቁ፤ ከማውረድ አልፎ የኮምፒውተር ተማሪዎች መጥተው ላቦራቶሪውን እንዲያስተካክሉ መነጋገር ይቻላል።

የወረደው ሁሉ በክፍል ደረጃ፣ በትምህርት ዓይነትና በምዕራፍ ተሰይሞ አንድ ፎልደር ውስጥ ይቀመጥ። "አዲስ 2 የመጨረሻ" የሚል ስም ያለው ፋይል ከሁለት ወር በኋላ ለማንም አይገባም።

8. ጥንቃቄዎች

ፍላሽ ላይ ቫይረስ አለ ብላችሁ ገምቱ። ፎልደሮቹ ሁሉ ወደ ሾርትከት ከተቀየሩ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ፍላሽ ከመከፈቱ በፊት በዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ይፈተሽ። የሥልጠናው ፍላሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አይሂድ። ለማተም ሌላ ያዙ።

የተማሪ ፎቶ፣ ስምና ውጤት በቴሌግራም ግሩፕ አይለጠፍ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ ሕጉ ባይኖርም ልጁን ያሳፍረዋል። የክፍሉን ሮስተር (የውጤት ዝርዝር) ኤክሴል ላይ ሥሩት፣ በፓስወርድ ቆልፉት።

ቻትጂፒቲንና መሰሎቹን መምህራን መጠቀም ጀምረዋል፤ ይጠቀሙ። ለጥያቄ ማውጣት፣ ለአማራጭ ምሳሌ ጥሩ ናቸው። ግን በልበ ሙሉነት ይሳሳታሉ። መምህሩ ራሱ ሠርቶ ያላረጋገጠው ጥያቄ ተማሪ ፊት አይቅረብ። የተማሪ ስምም አይግባበት።

የ12ኛ ክፍል መምህራን አንድ ተጨማሪ ሥራ አለባቸው። በ2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተናው ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ማውዝ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ፈተና ላይ ከማውዙ ጋር መታገል የለበትም። በሴሚስተሩ ውስጥ ቢያንስ ጥቂት አጫጭር ፈተናዎችን ላቦራቶሪ ውስጥ በኮምፒውተር ስጡ፣ ሰዓት ይዛችሁ።

9. ከ10ኛው ሳምንት በኋላ

በመጨረሻው ሳምንት እያንዳንዱ ጥንድ ሁለት የተፈተነ ዕቅድ ያስረክብ፣ ሁለቱ ዓምድ ተሞልቶ፣ ፋይሎቹ ተያይዘው። 8 ጥንድ ካላችሁ 16 ዕቅድ ማለት ነው። ይህ የትምህርት ቤቱ ንብረት ይሁን። መምህር ይዛወራል፤ ዕቅዱ ግን ይቆያል።

በሚቀጥለው ሴሚስተር እያንዳንዱ የሠለጠነ መምህር ከራሱ ትምህርት ክፍል አንድ አዲስ ሰው ይያዝ። ሰርተፍኬት መስጠት ካለ የሚሰጠው ለተገኘ ሳይሆን ክፍል ውስጥ ታይቶ ላስተማረ ነው። ከጉድኝት ማዕከላችሁ (ከተጎራባች ትምህርት ቤቶች ስብስብ) ደግሞ አንድ ጎረቤት ትምህርት ቤት ጋብዙ፤ ከሰርቦ ወይም ከሰቃ የሚመጡ ሁለት መምህራን ከኋላ ወንበር ተቀምጠው አንድ ክፍለ ጊዜ ይዩ፣ ፎልደሩን በፍላሽ ይዘው ይመለሱ። ፍላሹን ከመስጠታችሁ በፊት ቫይረሱን አጽዱ።